አንድ አዳራሽ፣ ሁለት ዋጋ
ኢኮኖሚክስን ባሕር ማዶ ለማስተማር ለሚያስቡ ቤተሰቦች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

በቶሮንቶ ከኮክስዌል ጣቢያ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ባቡር የተሳፈረ ተማሪ መሥመር ሳይቀይር ሴንት ጆርጅ ይደርሳል። ከጣቢያው ወጥቶ ጥቂት ሲራመድ በሴንት ጆርጅ ጎዳና ቁጥር 150 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ያለበትን ማክስ ግለስኪን ሐውስን ያገኛል። በዳንፎርዝ ጎዳና፣ ከግሪንዉድ እስከ ኮክስዌል ባለው መንገድ፣ ምግብ ቤትና ቡና ቤት ከፍተው፣ ታክሲ ነድተው፣ በሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ሠርተው ልጆች ያሳደጉ ኢትዮጵያውያን ከዚህ ትምህርት ክፍል የሚርቁት የአንድ ባቡር መንገድ ብቻ ነው። ልጆቻቸው ደርሰዋል። ከአዲስ አበባም የእህትና የወንድም ልጆች “እዚያ መጥቼ ምን ልማር?” እያሉ ይደውላሉ። ኢኮኖሚክስ የተነሣ እንደሆነ በሁለቱም በኩል የሚከተለው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሥራ አለው ወይ?

ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ግማሽ ጥያቄ ነው። የኢኮኖሚክስ ዲግሪ ለሁሉም እኩል የሚያወጣ የተቆረጠ የሥራ ዋጋ የለውም። ዋጋውን የሚወስኑት ተማሪው የያዘው የመኖሪያ ወረቀት፣ የሚከፍለው ገንዘብ፣ የሒሳብ ዝግጅቱ፣ ሳይመረቅ የሠራበት ቦታና የሚመረቅበት ዓመት ናቸው። ስለዚህ ለዳንፎርዝ ልጅ የሚበጀው ምክር ለቦሌ ልጅ ላይበጅ ይችላል፤ የዚህ ንግግር ዋና ነገርም ይኸው ነው። (የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአንድ አዳራሽ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ተማሪዎች ይታሰቡ። አንደኛዋ ዳንፎርዝ ያደገች የካናዳ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ናት። የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር መንግሥት በ2019 የትምህርት ክፍያን በ10 ከመቶ ቀንሶ ለዓመታት ባለበት ስላቆመው፣ ለአርትስና ሳይንስ ፋኩልቲ የምትከፍለው በዓመት 6,100 የካናዳ ዶላር ገደማ ሲሆን ልዩ ልዩ መዋጮዎች ይታከሉበታል። ኦሳፕ በሚባለው የክፍለ ሀገሩ የተማሪዎች ድጋፍም ብድርና እርዳታ መጠየቅ ትችላለች። ሁለተኛው በስተዲ ፐርሚት (በተማሪ ፈቃድ) ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። እሱ ለዚያው ወንበር፣ ለዚያው መምህርና ለዚያው ፈተና በዓመት 60 ሺህ ዶላር ገደማ ይከፍላል። አራት ዓመት ሲቆጠር የእሷ ወደ 24 ሺህ፣ የእሱ ወደ 240 ሺህ ይሆናል። አንድ ቤተሰብ ሁለቱን ልጆች በአንድ ቃል “ኢኮኖሚክስ ጥሩ ነው” ብሎ ሲመክር፣ ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እየተናገረ መሆኑን ልብ አይልም።

የኢኮኖሚክስ ምሩቃን ጥሩ ይከፈላቸዋል የሚለው ወሬ መሠረት አለው። ችግሩ ኢኮኖሚክስ የሚማሩት ቀድሞውንም ጎበዞች ከሆኑ፣ ደመወዙ የትምህርቱ ይሁን የተማሪው ለመለየት ማስቸገሩ ነው። ዛካሪ ብሊመርና አሺሽ መህታ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2022 ባሳተሙት ጥናት ይህን የሚለዩበት ዘዴ አገኙ። በካሊፎርኒያ ሳንታ ክሩዝ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስን በዋና ትምህርትነት ለመያዝ በመግቢያ ኮርሶች 2.8 አማካይ ውጤት ይጠየቅ ነበር። ከመስመሩ ጥቂት ከፍ ያሉትና ጥቂት ዝቅ ያሉት ተማሪዎች በችሎታ የሚለያዩት በጣም በጥቂቱ ነው። ሆኖም ለጥቂት ያለፉት ሌላ ትምህርት ቢይዙ ኖሮ ከሚያገኙት በዓመት 22 ሺህ የአሜሪካ ዶላር፣ ማለትም 46 ከመቶ፣ የበለጠ ደመወዝ በሥራ ዘመናቸው መጀመሪያ ላይ አገኙ።

ቁጥሩ ወላጅን ያስደስታል። የጥናቱ ሁለተኛ ግኝት ግን የበለጠ ትኩረት ይገባዋል፦ ከዚህ ጭማሪ ግማሽ ያህሉ የመጣው ምሩቃኑ ከፍ ያለ ደመወዝ ወደሚከፈልባቸው ዘርፎች፣ በተለይ ወደ ፋይናንስና ወደ ንግድ ሥራ፣ በመግባታቸው ነው። ትምህርቱ ወደ አንድ በር አድርሷቸዋል፤ የከፈላቸው በሩ ነው። በሩ ለተዘጋበት ምሩቅ ያ ግማሽ ጥቅም የለም።

ታዲያ በቶሮንቶ በሩ የት ነው? አንዱ የገንዘብ ተቋማት መንደር የሆነው ቤይ ስትሪት ነው። ታላላቆቹ ባንኮች፣ የጡረታ ፈንዶቹና የኢንሹራንስ ኩባንያዎቹ ወጣት ሠራተኞቻቸውን በብዛት የሚመለምሉት በኢንተርንሺፕ ካለፉት ተማሪዎች ነው። ምልመላው የሚጀመረው ተማሪው ገና ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ሳለ፣ ከሥራው ብዙ ወራት አስቀድሞ ነው። አባቱ ወይም አክስቱ ባንክ የሚሠሩለት ልጅ ይህን ከእራት ገበታ ላይ ይሰማል። ከዳንፎርዝ ምግብ ቤት ጓዳ የወጣ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው አራተኛ ዓመት ሲገባ፣ ቀጠሮው ካለፈ በኋላ ነው። የማኅበረሰቡ ታላላቆች ለታናናሾቻቸው ሊያደርጉት ከሚችሉት ነገር ሁሉ ርካሹና ጠቃሚው ይህን የጊዜ ሰሌዳ በአንደኛ ዓመት መንገር ይመስላል።

ሌላው በር የፌዴራል መንግሥቱ መቀመጫ ኦታዋ ነው። ስታቲስቲክስ ካናዳ፣ የገንዘብ ሚኒስቴሩና ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ኢኮኖሚስቶችን ይቀጥራሉ፤ ማዕከላዊው ባንክ፣ ባንክ ኦፍ ካናዳ፣ ደግሞ ለምርምር ሥራው ብዙ ጊዜ ማስተርስና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። እዚህ ላይ የሁለቱ ተማሪዎች መንገድ ይለያያል። የፌዴራል መንግሥት ለውጭ አመልካች ክፍት በሚያደርገው ውድድር ለዜጎች ቅድሚያ ይሰጣል፤ ከ2021ዱ የሕግ ማሻሻያ ወዲህ ቋሚ ነዋሪዎችም ይኸው ቅድሚያ አላቸው። በጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ ያለው ምሩቅ ከነሱ ኋላ ይሰለፋል። የዳንፎርዟ ልጅ ኦታዋን ከመጀመሪያ ምርጫዎቿ መካከል ልታደርግ ትችላለች። የአዲስ አበባው ልጅ ኦታዋን ተስፋ አድርጎ 240 ሺህ ዶላር መክፈል አይገባውም።

የስም ጉዳይም አለ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚስት የሆነው ፊሊፕ ኦሪዮፑለስ በ2011 ባሳተመው ጥናት፣ በቶሮንቶ ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች ወደ 13 ሺህ የሚጠጉ የተዘጋጁ የሥራ ማመልከቻዎችን ልኮ ማን እንደሚጠራ መዘገበ። የእንግሊዝ ስም ያላቸው ከሕንድ፣ ከፓኪስታንና ከቻይና ስሞች ይበልጥ ተጠሩ። የግሪክ ስሞችም ተጎዱ። በዳንፎርዝ ጎዳና ከእኛ በስተምዕራብ፣ በቼስተርና በፔፕ ጣቢያዎች ዙሪያ፣ ግሪኮች ከኢትዮጵያውያን ብዙ ቀድመው ሠፍረው ሰፈሩን በስማቸው አስጠርተውታል፤ እንዲያም ሆኖ ስማቸው በቀጣሪ ጠረጴዛ ላይ ዋጋ ያስከፍላቸዋል። ጥናቱ የሐበሻ ስሞችን አልፈተነም። ከስም ሌላ ግን ለእኛ ተማሪዎች የሚጠቅም ሁለት ነገር አሳይቷል፦ ውጭ አገር የተገኘ የሥራ ልምድ አመልካቹን ይጎዳዋል፤ የትምህርት ቤቱ ስመ ጥርነትም ጉዳቱን አላለዘበውም። ኦንታሪዮ የሥራ ማስታወቂያ “የካናዳ ልምድ” ብሎ እንዳይጠይቅ የሚከለክለውን ሕግ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል። ሕጉ ማስታወቂያውን ይለውጣል፤ የቀጣሪውን ልማድ ለመለወጥ ግን ጊዜ ይወስዳል።

ለዚህም ነው ዩኒቨርሲቲ ሲመረጥ ከስሙ ይልቅ ኮ-ኦፕ መኖሩ መታየት ያለበት። ኮ-ኦፕ ተማሪው አንድ የትምህርት ዘመን ተምሮ ቀጣዩን ዘመን በደመወዝ የሚሠራበት አካሄድ ነው። ወተርሉ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ሲመሠረት ይህን ይዞ ተነሣ፤ ዛሬ በዚሁ ይታወቃል። ከዳንፎርዝ በስተምሥራቅ ያለው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የስካርቦሮ ካምፓስም ኢኮኖሚክስን ከኮ-ኦፕ ጋር ያስተምራል። እዚያ ገብቶ ሦስት የሥራ ዘመን የፈጸመ ልጅ ሲመረቅ “ልምድህ የት ነው?” ለሚለው ጥያቄ መልስ አለው። ወላጆች ግን “ዋናው ካምፓስ አልገባም” ብለው ሲያዝኑ ይታያሉ። በዚህ ሐዘን ምክንያት ኮ-ኦፕን የተወ ልጅ ከሁሉ የሚጸጽተውን ዋጋ ይከፍላል።

ኢኮኖሚክስ ምን እንዳልሆነም መነገር አለበት። አካውንቲንግ አይደለም፤ ነርሲንግም አይደለም። ነርሷ፣ ፋርማሲስቱና መሐንዲሱ ፈተና አልፈው ፈቃድ ያገኛሉ፤ ፈቃዱም ያለ እነሱ ማንም የማይገባበት የሥራ መስክ ያስከብርላቸዋል። ኢኮኖሚስት በካናዳ እንዲህ ያለ ፈቃድ የለውም። ይህ አንድ ጥቅምና አንድ ጉዳት አለው፦ የሚያግደው የፈቃድ ፈተና የለም፤ የሚከለልበት አጥርም የለም። ምሩቁ የሚወዳደረው ከስታቲስቲክስ፣ ከኮምፒውተር ሳይንስ፣ ከፋይናንስ ምሩቃን ጋር ነው። የሚለየው የያዘው ሙያ ነው፦ ኢኮኖሜትሪክስ (ኢኮኖሚን በስታቲስቲክስ መመርመር)፣ መረጃን በስታታ፣ በአር ወይም በፓይተን ፕሮግራም ማጠናቀርና መተንተን፣ የተነተኑትንም አለቃ በሚረዳው ሁለት ገጽ መጻፍ። ይህ ሁሉ የሚቆመው በሒሳብ ላይ ነው። ከዜና የሚሰማው የዋጋ ንረትና የታሪፍ ክርክር ማርኮት የገባ ተማሪ የአንደኛ ዓመቱ ካልኩለስ ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይደነግጣል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲም በመግቢያ ኮርሶቹ የተገኘው ውጤት ወደ ዋናው መርሐ ግብር ማን እንደሚገባ ይወስናል።

ከተማሪው እጅ ውጭ የሆነው የምረቃው ዓመት ነው። ኦሪዮፑለስ ከቲል ፎን ቫክተርና ከአንድሩ ሃይስ ጋር በ2012 ባሳተመው ሌላ ጥናት፣ ኢኮኖሚው በተዳከመበት ወቅት የተመረቁ ካናዳውያን የደመወዝ ጉዳት እስከ አሥር ዓመት እንደሚከተላቸው አሳይቷል። መጀመሪያ ዝቅ ያለ ወደሚከፍል ድርጅት ይገባሉ፤ ከዚያ ከአንዱ ወደሌላው እየተዘዋወሩ ቀስ በቀስ ያገግማሉ። ቶሎ የሚያገግሙት ቀድሞም የተሻለ ዕድል የነበራቸው ናቸው፤ የሌላቸው ግን እስከ መጨረሻው ሊጎዱ ይችላሉ። ጊዜው ደግሞ ቀላል አይደለም፦ በጁላይ 2025 በካናዳ ከ15 እስከ 24 ዓመት ያሉ ወጣቶች ሥራ አጥነት 14.6 ከመቶ ደርሶ ነበር፤ የወረርሽኙ ዓመታት ሲቀሩ ከ2010 ወዲህ ያልታየ ነው። ዜጋ የሆነ ምሩቅ አሥር ዓመት ቢፈጅበትም አሥር ዓመት አለው። በፈቃድ የሚኖረው ግን ቀን ይቆጠርበታል።

የቀኑን ቆጠራ በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ከውጭ የመጣ የባችለር ተማሪ ሲጨርስ የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ ቢበዛ ለሦስት ዓመት ነው። ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ የቋንቋ ፈተና ይጠየቃል፤ በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ የተጣለው የትምህርት መስክ ገደብ ግን የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የያዙትን አይነካም። ፈቃዱ ክፍት ነው፤ ለማንም ቀጣሪ መሥራት ይቻላል። ካናዲያን ኤክስፒሪየንስ ክላስ በሚባለው መንገድ ቋሚ ነዋሪነት ለመጠየቅ ግን ቢያንስ አንድ ዓመት የሠለጠነ ሥራ መሥራት ግድ ነው፤ በካናዳ የሙያ አመዳደብ ከዜሮ እስከ ሦስት ባሉት ደረጃዎች ውስጥ ማለት ነው። የኢኮኖሚስት፣ የፋይናንስ ተንታኝና የሒሳብ መዝገብ ያዥ ሥራ ይቆጠራል። የባንክ ቴለር ሥራ ደረጃ አራት ስለሆነ አይቆጠርም። የምግብ ቤት አስተናጋጅነትም አይቆጠርም። ኢኮኖሚክስ ተምሮ፣ ከረባት አስሮ፣ ባንክ ገብቶ ገንዘብ የሚቆጥር ወጣት ለዘመዶቹ በሙያው የተቀጠረ ይመስላቸዋል። የፈቃዱ ሦስት ዓመት ግን ምንም ሳይመዘገብለት እያለቀ ነው። መሥፈርቱን ማሟላትም መመረጥ ማለት አይደለም፤ ካናዳ ከ2023 ጀምሮ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለእጅ ሙያ፣ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎችና ለመሳሰሉት ለብቻቸው የግብዣ ዙር ታካሂዳለች። ኢኮኖሚስቶች የራሳቸው ዙር የላቸውም።

ወጪውም እንዲሁ ይቆጠር። ከሴፕቴምበር 2025 ወዲህ አንድ ዓለም አቀፍ ተማሪ ከትምህርት ክፍያው ሌላ ለአንድ ዓመት መኖሪያ 22,895 ዶላር እንዳለው ማሳየት አለበት። በትምህርት ወቅት ከካምፓስ ውጭ በሳምንት 24 ሰዓት ብቻ መሥራት ይፈቀድለታል፤ በእረፍት ጊዜ ሙሉ ሰዓት መሥራት ይችላል። የኦንታሪዮ ዝቅተኛ ደመወዝ በኦክቶበር 2025 በሰዓት 17.60 ዶላር ሆኗል። ዓመቱን ሙሉ አንድ ሳምንት ሳያጓድል 24 ሰዓት ቢሠራ፣ ግብር ሳይነሳ ወደ 22 ሺህ ዶላር ያገኛል። ሠርቶ መኖሪያውን ለመሸፈን ይጠጋል እንጂ የትምህርት ክፍያውን አይነካውም። ያንን የሚከፍሉት ቤተሰቦቹ ናቸው። አዲስ አበባ ያለው ቤተሰብ ደግሞ በጁላይ 2024 ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ አይቷል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ ልጅ የነበረው ቤተሰብ ያልተማከረበት የዋጋ ጭማሪ ደረሰበት።

ኢኮኖሚክስ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስተምረው፣ የአንድ ነገር እውነተኛ ዋጋ በሱ ምክንያት የቀረው ሌላ ነገር መሆኑን ነው። በ240 ሺህ ዶላር የቀረው ምን እንደሆነ ዳንፎርዝ ላይ እቁብ የሚጥል ሰው ሁሉ ያውቃል፦ የምግብ ቤት መክፈቻ፣ የቤት ቅድሚያ ክፍያ፣ የሦስት እህትና ወንድም ትምህርት።

ስለዚህ ይህ ንግግር የያዘው አቋም ግልጽ ነው። ኢኮኖሚክስ የሚወድና ሙሉ ስኮላርሺፕ ያላገኘ የአዲስ አበባ ልጅ የመጀመሪያ ዲግሪውን በአገሩ ሠርቶ፣ ሒሳቡን አጠንክሮ፣ ለማስተርስ ቢመጣ ይሻለዋል። ብዙዎቹ የካናዳ የኢኮኖሚክስ ማስተርስ ትምህርቶች አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃሉ፤ አንዳንዶቹም የረዳት መምህርነት ሥራ ይሰጣሉ። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ስምንት ወርና ከዚያ በላይ የሆነ ማስተርስ የጨረሰ ተማሪ የሦስት ዓመት የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ካናዳ በጃንዋሪ 2024 በተማሪ ፈቃድ ላይ ጣሪያ አድርጋለች፤ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ግን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ማስተርስና ዶክትሬት የሚማሩት ከጣሪያው ወጥተዋል። የማስተርስ ተማሪው በአንድ ዓመት ወጪ ባችለሩ በአራት ዓመት ወጪ የሚያገኘውን የሦስት ዓመት ፈቃድ ያገኛል፤ ኦታዋና የምርምር ተቋማት የሚፈልጉትን ዲግሪም ይይዛል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የፒርሰን ስኮላርሺፕ የትምህርት፣ የመጻሕፍትና የመኖሪያ ወጪን ለአራት ዓመት ይሸፍናል፤ ዕጩን የሚያቀርበው የራሱ ትምህርት ቤት ነው፤ በዓመት የሚያገኙት ግን ከመላው ዓለም 37 ያህል ተማሪዎች ናቸው። እሱን ያገኘ ልጅ ያለ ማመንታት ይምጣ።

በዚህ አቋም ላይ የሚነሣ ብርቱ መቃወሚያ አለ፦ ባችለሩን እዚህ የሠራ ልጅ አራት ዓመት ከእኩዮቹ ጋር ይተዋወቃል፣ ቋንቋውን ያሾላል፣ የኢንተርንሺፕ ጊዜም ያገኛል፤ ለአንድ ዓመት የመጣው ይህን ሁሉ አያገኝም። እውነት ነው። ቤተሰቡ ገንዘቡን ሳይበደር መክፈል የሚችል ከሆነ መቃወሚያው ያሸንፋል። የዳንፎርዝ አጎትና አክስት ቤት አስይዘው የሚከፍሉት ከሆነ ግን አያሸንፍም።

ወደ አገር የመመለስ ምርጫም ከሚዛኑ መውጣት የለበትም። ታፈራ ደግፌ ከሰባ ዓመታት በፊት ካናዳ፣ በቫንኩቨሩ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ሲመለሱ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ባለሙያ የሚጠብቅ ባንክ ነበር። በኋላ የንግድ ባንክ ሥራ አስኪያጅ፣ ከዚያም የብሔራዊ ባንክ ገዥ ሆኑ፤ ደርግም አሰራቸው። እሌኒ ገብረ መድኅን በኮርኔል ኢኮኖሚክስ ተምራ፣ በስታንፎርድ ለዶክትሬት ያጠናችው የኢትዮጵያን የእህል ገበያ ነበር፤ በ2008 ሥራ የጀመረውን የምርት ገበያ የመራችው በዚያ እውቀት ነው። ከሁለቱም አስቀድሞ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ አውሮፓ ተምረው ተመልሰው፣ ድሬዳዋ ላይ ንግድና ጉምሩክ እያስተዳደሩ ስለ አገር ሀብት ጽፈዋል፤ “መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር” የታተመው ካረፉ በኋላ በ1924 ነው። ለሦስቱም ትምህርቱ የጠቀመው የሚያውቁትን ገበያ ሲመረምሩበት ነው። ዛሬም ፓርላማው በዲሴምበር 2024 ለውጭ ባንኮች በር የከፈተውን አዋጅ አጽድቋል፤ በጃንዋሪ 2025 የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል። የገበያው ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን፣ ባንኮቹ፣ አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽንና የአፍሪካ ኅብረት መረጃ መተንተን የሚችል ሰው ያስፈልጋቸዋል። አማርኛ የሚያነብና ኢኮኖሜትሪክስ የሚችል ምሩቅ ቤይ ስትሪት ላይ ከብዙዎች አንዱ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግን እንደሱ ያለው ጥቂት ነው። ደመወዙ በብር መሆኑ፣ የአገሩም ሰላም አለመጽናቱ ውሳኔውን ያከብደዋል፤ ምርጫውን ግን ከሚዛን አያወጣውም።

ለዳንፎርዟ ልጅ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። 6,100 ዶላር ከፍላ፣ ከቤቷ በባቡር ተመላልሳ፣ የፈቃድ ቀን ሳይቆጠርባት ለምትማር ልጅ፣ ሒሳብ የምትወድ ከሆነ፣ ኢኮኖሚክስ ብልህ ምርጫ ነው። ሕግ ወይም ሕዝብ አስተዳደር በኋላ ልታክልበት ትችላለች። ቤተሰቧ አሁን ሊያደርግላት የሚችለው ነገር አለ፦ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ለቀጣዩ ዓመት ኮርስ ስትመርጥ፣ አድቫንስድ ፈንክሽንስና ካልኩለስ ኤንድ ቬክተርስ ሁለቱም መመዝገባቸውን ማየት። ዩኒቨርሲቲዎቹ ጎብኚ በሚቀበሉበት ቀንም አብሯት ሄዶ ትምህርት ክፍሉን መጠየቅ ነው፦ ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪ ኮ-ኦፕ አመለከተ፣ ስንቱስ ተቀጠረ? የመጀመሪያው ማመልከቻ በስንተኛ ዓመት ይገባል? ምሩቃኑ ከሁለት ዓመት በኋላ የት ነው የሚሠሩት? መልሱን በቁጥር የሚሰጥ ትምህርት ክፍል አለ፤ ቁጥር የሌለውም አለ። የአዲስ አበባው ዘመድም እነዚህኑ ጥያቄዎች በኢሜይል ይላክ፤ አንድ ይጨምርበት፦ ከተቀጠሩት መካከል በስተዲ ፐርሚት የነበሩት ስንት ናቸው?